ቀዩ ክብ ያረፈበት ቤት

መሬት ሲንቀጠቀጥ ሰው ሁሉ ወደ ውጭ ይሮጣል፤ የመሬት መንቀጥቀጥ መከታተያው መሥሪያ ቤት ሰዎች ግን ወደ ውስጥ ነው የሚሮጡት። የዚያን ቀንም እንዲሁ ሆነ። እኩለ ቀን ላይ የመስኮቱ መስታወት ተንገጫገጨ፣ የሻይ ብርጭቆዎች እርስ በርስ ተነካኩ፣ ግቢው ውስጥ ፀሐይ እየሞቁ ምሳ ይበሉ የነበሩት ባለሙያዎች ዳቧቸውን እንደያዙ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለሉ ወደ መሣሪያ ክፍሉ ወጡ። ከሁሉም ቀድማ የተገኘችው ካርታ የምትሠራው ልጅ ነበረች፤ ድሮውንም ከወንበሯ አልተነሳችማ።

ባልደረቦቿ «ሠዓሊዋ» ይሏታል። ስሙን ያወጡላት ሊያሾፉባት ነው፤ እሷ ግን እንደ ሹመት ነው የተቀበለችው። ሌሎቹ ቀኑን ሙሉ ከቁጥር ጋር ሲታገሉ ይውላሉ፤ ቁጥሩን ደግሞ ከራሳቸው በቀር የሚያነብላቸው የለም። ያንን ቁጥር ተቀብላ፣ ቀለምና ቅርጽ ሰጥታ፣ ባለሱቁም ተማሪውም ከንቲባውም አንድ ጊዜ አይቶ እንዲገባው የምታደርገው እሷ ናት። ቢያንስ እሷ የምታስበው እንደዚያ ነው።

በካርታዋ ላይ ሁለት ነገር ይቀመጣል። አንደኛው ትንሽ ጥቁር ኮከብ ነው። መሬቱ የተሰበረበትን ቦታ ያሳያል፤ እሱን የሚናገሩት በየተራራው ሥር የተቀበሩት መሣሪያዎች ናቸው። ሁለተኛው ክብ ነው። ክቡ የሚመጣው ከሰው ነው፤ ንዝረቱ የተሰማው ሁሉ ስልኩን አውጥቶ «ተሰምቶኛል» ብሎ ይልካል፣ የት እንደነበረና ምን እንዳየ ይናገራል። ከአንድ ቦታ ብዙ ሰው ከላከ ክቡ እየተለቀና እየቀላ ይሄዳል። ጥቂት ሰው ከላከ ትንሽና ቢጫ ሆኖ ይቀራል። ሰው ከሌለ ክብም የለም፤ ድንጋይ ስልክ አይዝም።

የዚያን ቀን ኮከቡ ያረፈው ከከተማው በጣም ርቆ፣ ከሐይቁ ማዶ ባለው ባዶ ሜዳ ላይ ነበር። መንቀጥቀጡም ያን ያህል የሚባል አልነበረም። የከተማው ሰው የላከው መልእክት ግን ጉድ ነው! በተለይ በአንድ ሰፈር ላይ ክቡ አበጠ፣ አበጠ፣ የበሰለ ቲማቲም መሰለ። ሰፈሩ ደግሞ ሠዓሊዋ ተወልዳ ያደገችበት ነው፤ እናትና አባቷ ዛሬም እዚያው ናቸው። ደንግጣ ወዲያው ደወለች። እናቷ «ደህና ነን» አለቻት፣ በጣም አሳጥራ። ሠዓሊዋ እፎይ ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች፤ «የሰፈራችን አፈር ለስላሳ ይሆናል» ብላ ለራሷ ነገረችና ካርታውን አሳምራ ለሕዝብ ለቀቀችው። አለቃዋ ከኋላዋ ቆማ አየችና «በጣም ያምራል» አለች። እውነትም ያምር ነበር።

ካርታው ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ሰነበተ። እናቷ የደወለችው ሠዓሊዋ ሌላ ሥራ ከጀመረች በኋላ ነው።

«ነይና አባትሽን ውሰጂ» አለች እናት፣ ሰላምታ እንኳ ሳታስቀድም።

«የት ነው የምወስደው? ምን ሆነ?»

«እኔ ምን አውቄ! ግቢ ውስጥ ድንኳን ተክሎ ተቀምጧል። ቤት አልገባም ብሏል። ያንቺን ካርታ አይቶ ነው።»

«የኔን ካርታ?»

«ቤታችን ቀይ ነዋ! መንቀጥቀጡ የተነሳው ከወጥ ቤታችን ሥር ነው ይላል። እኔም ድንኳን እንድገባ ይፈልጋል። ምን ቆርጦኝ! እኔ አልጋዬ ላይ፣ እሱ ሣር ላይ፤ ይኸው እንዲህ ሆነን ከረምን። አሁን ደግሞ ቤቱን ልሽጠው ብሏል። ካርታውን ለሰፈሩ ሁሉ ያሳየው ራሱ፣ ካርታውን ያላየ ገዢ ይፈልጋል።»

ሠዓሊዋ ሳቀች። ሳቋ ግን ብዙ አልሄደም፤ እናቷ አልሳቀችም ነበርና። እናቷ በአባቷ ላይ አማርራ አማርራ በመጨረሻ ራሷ ትስቃለች። ሠዓሊዋ ከልጅነቷ ጀምሮ ነገሩ ማለቁን የምታውቀው በዚያ ሳቅ ነው። አሁን ስልኩ ውስጥ ምንም አልተሰማም።

«እማዬ፣ ተጣላችሁ እንዴ?»

«ዕድሜ ልካችንን ስንጣላ አልነበር? ይሄ ጠብ አይደለም። አያናግረኝም። ማለቴ፣ ያወራል፤ ስለ መሬት መንቀጥቀጥ ነው የሚያወራው። ከዚህ በላይ አልችልም። ወይ ይግባ፣ ወይ እኔ እህቴ ጋ ሄጄ ልቀመጥ። ሻንጣዬን አውጥቻለሁ።»

እናቷ ሻንጣ የምታወጣ ሴት አልነበረችም። ሠዓሊዋ በዕረፍት ቀኗ ጠዋት ኮምፒውተሯን ተሸክማ ሄደች።

አባቷ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነበር። መሪ ከጨበጠ ሰማይና ምድር ቢገናኙ አይለቅም ይባልለት ነበር። ጡረታ ሲወጣ የሚጨብጠው ቢያጣ የቤቱን ነገር ሁሉ ጨበጠ፤ ቧንቧ ያጠብቃል፣ በር ይቀባል፣ ሚስቱ ድስት ስታማስል ከኋላዋ መጥቶ «እሳቱን ቀንሺው» ይላል። የሚጠይቀው ሰው ግን አልነበረም። አርባ ዓመት ሙሉ «ይሄ አውቶቡስ በየት ያልፋል?» ሲባል የኖረ ሰው፣ ጡረታ ወጥቶ ቀኑን ሙሉ አንድ ጥያቄ ሳይጠየቅ ይመሻል። ሠዓሊዋ ይህን ታውቅ ስለነበር ግቢው በር ላይ ስትደርስ ያየችው ነገር ብዙም አላስገረማትም።

ድንኳኑ ከአሮጌ የመኪና ሸራ የተሠራ ነው። አጥሩ ላይ የእሷ ካርታ፣ ማተሚያ ቤት ተወስዶ የበር ያህል ተደርጎ ተለጥፏል። አባቷ ከጥንት ሬዲዮ የነቀለውን አንቴና እንደ መጠቆሚያ ይዞ ከፊቱ ቆሟል። ጎረቤቶቹ ሣሩ ላይ ተቀምጠው አፋቸውን ከፍተው ይሰሙታል።

«ይሄ ቀዩ መነሻው ነው» ይላል አባት። «ከዚህ ተነስቶ ነው ወደ ሌላው የሄደው። አያችሁ፣ እየራቀ ሲሄድ እንዴት ቢጫ እንደሚሆን!»

«ይቺ ኮከብስ ምንድን ናት ጋሼ?» አለ ፀጉር አስተካካዩ። ሱቁ እዚያው ከአጥሩ ማዶ ነው።

«እሷ ለጌጥ ናት። ልጄ ከልጅነቷ ጀምሮ ኮከብ ትወዳለች።» ይህን ሲል ልጁን በሩ ላይ አያትና ፊቱ በራ። «ይኸው መጣች! የሠራችው ራሷ መጣች! ነይ የኔ ልጅ፣ ነይ ንገሪያቸው።»

ሠዓሊዋ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት ነበር፤ ግን በዚያ ሰሞን እንዲህ ያለ ነገር መመኘት አያዋጣም። ለአምስት ዓመት ያህል ኮከቧን እያሳነሰች ክቡን እያሳመረች ስትሠራ፣ ሰው ሁሉ በአንድ እይታ እንዲገባው ነበር። ገብቶታልም፤ የገባው ግን ተገልብጦ ነው።

«እኔማ ልጆቼን ዘመድ ቤት ልኬአለሁ» አለ ፀጉር አስተካካዩ። «ሱቁንም ልዘጋው ነው። ምላጭ ይዤ መሬቱ ቢነሳብኝ የደንበኛዬን ጆሮ ይዤ መቅረቴ ነው።»

«አይዞህ፣ አትቸኩል» አለችው ሠዓሊዋ። አባቷን ክንዱን ይዛ ወደ ድንኳኑ አስገባችው።

ውስጡ አንድ ፍራሽ፣ አንድ ፋኖስና አንድ ወንበር አለ። ፍራሹ ላይ ሁለት ትራስ ተቀምጧል። አንደኛው ራስ ያረፈበት አይመስልም።

«አባዬ፣ መነሻው ኮከቡ ነው» አለችው ቀስ ብላ። «ክቡ ከየት ብዙ ሰው እንደላከ ነው የሚያሳየው። ሐይቁ ማዶ ሰው ስለሌለ ክብ የለም እንጂ፣ የተሰበረው እዚያ ነው።»

አባት ዓይኑን አጠበበ። «በምን ታወቀ?»

«መሣሪያዎቹ ናቸው የነገሩን። አንዱ ብቻውን አያውቅም። ንዝረቱ ሲደርሰው ‹ከእኔ ይህን ያህል ይርቃል› ይላል እንጂ በየት በኩል እንደሆነ አይናገርም። ስለዚህ በዚያ ርቀት ዙሪያውን ክብ እንሥልለታለን። ሁለተኛውም ርቀቱን ይናገራል፣ ለሱም እንሥላለን። ሦስተኛውም። ሦስቱ ክቦች የሚገናኙበት ላይ ኮከብ እናስቀምጣለን።»

«ሦስት ተቆጣጣሪ የጠፋ አውቶቡስ እንደሚፈልገው በይኛ።»

«ልክ እንደሱ።»

«እሺ፣ ይሁን። ታዲያ መነሻው ያን ያህል ከራቀ ቤታችን ምን አድርጎ ቀላ? ፀጉር አስተካካዩ ግድግዳችን ጥግ ነው ያለው፤ አንድ ነጥብ የለበትም።» ስልኩን አወጣና ካርታውን በሁለት ጣቱ እየሳበ አሰፋው። ሰፈሩ መጣ፣ መንገዱ መጣ፣ ጣሪያው መጣ። የቀዩ ክብ መሃል ወጥ ቤቱ ላይ ቁጭ ብሏል። «እስቲ ይሄን አስረጂኝ።»

እውነቱን ለመናገር ራሷም ፈራች። ኮምፒውተሯን ይዛ፣ ወለሉን ቀስ ብላ እየረገጠች፣ ወጥ ቤት ገባች።

እናቷ ጠረጴዛው ዳር ተቀምጣ ድንች ትልጣለች። ሻንጣው በሩ ጥግ ቆሟል። ሠዓሊዋ ከእናቷ ፊት ለፊት ተቀምጣ፣ ከሰፈሩ የተላኩትን መልእክቶች አንድ በአንድ ማየት ጀመረች። ብዙ አላየችም፤ ነገሩ ወዲያው ፍጥጥ አለ። ከሰፈሩ የላከው ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል የት እንደነበረ ሲጠየቅ የሰፈሩን ስም ብቻ ነው የጻፈው። ቤቱን የጠቆመ የለም። ፕሮግራሙ ደግሞ ቦታው በትክክል ያልታወቀ መልእክት ሲያገኝ የሰፈሩ መሃል ላይ ያስቀምጠዋል። እንደዚያ እንዲያደርግ ያዘዘችው ራሷ ሠዓሊዋ ናት፤ ሰው አስቦ የላከውን መጣል አሳዝኗት። የሰፈሩ መሃል የት ነው? ኮምፒውተሩ ድንበሩን ዙሪያውን ለክቶ፣ መሃሉን ፈልጎ አገኘው። የእናቷ ምድጃ ላይ።

ለእናቷ ነገረቻት።

«የኔ ምድጃ?» አለች እናት።

«ልክ ምድጃው ላይ።»

እናት ቢላዋውን አስቀመጠች። መጀመሪያ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ሳቁ ወጣ፤ እንባዋን በክንዷ እየጠረገች፣ ጠረጴዛውን እየመታች ሳቀች። ሠዓሊዋም አብራት ሳቀች፤ ነገሩ አለቀ ብላ ነበር። እናቷ ግን ሳቋን በአንድ ጊዜ አቆመችና «ለአባትሽ አትንገሪው» አለች።

«እንዴት አልነግረውም? ሊያስገባው የሚችለው እኮ ይሄ ነው!»

«አያስገባውም። ይብሰዋል።» እናት ድንቹን አንስታ መልሳ አስቀመጠችው። «ያን ቀን መጋረጃ እየሰቀልኩ ነበር። መሰላል ላይ ሆኜ። አባትሽ ይዞልኛል፤ ታውቂው የለ፣ ‹ያዝልኝ› ሳልለው ነው የሚይዘው፣ ‹ግራ፣ ቀኝ፣ ቀስ› እያለ። ከዚያ መስታወቱ ተንገጫገጨ። ወደ ታች ሳይ የለም።»

«የት ሄደ?»

«እግሬ አውጪኝ ነዋ! በሩን እንኳ አልዘጋውም። እኔ የመጋረጃውን ብረት ይዤ አየር ላይ፣ እሱ ባንድ ጫማ አስፋልት ላይ።»

የሠዓሊዋ ሳቅ እስከ ከንፈሯ መጥቶ የእናቷን ፊት ስታይ ተመለሰ።

«ወደቅሽ?»

«አልወደቅኩም። ሲያበቃ ራሴ ወረድኩ። ሲመለስ እዚሁ ቁጭ ብዬ ነበር። በሩ ላይ ቆሞ አየኝ፤ ምንም አላለም። እኔም ምንም አላልኩም። ከዚያ ወጣና የሰፈሩን በር ሁሉ ሲያንኳኳ ዋለ። ‹ለልጄ መሥሪያ ቤት ላኩ፣ ተሰማን በሉ› እያለ። ስልክ የማይሆንላቸውን ደግሞ ራሱ እየላከላቸው። እኔን ፊት ለፊት ላለማየት ነው እኮ።»

ሠዓሊዋ ኮምፒውተሯን አየች። ያን ሁሉ ቀይ ያመጣው ለስላሳ አፈር አልነበረም፤ ቤቱ መግባት ያቃተው አባቷ ከበር በር እየዞረ ያሰባሰበው ነበር። በአንድ በኩል ያኮራታል፤ እንደዚህ የሚደክምላት ሰው የላትም። በሌላ በኩል አሳዘናት፣ በጣም አሳዘናት።

«ካርታሽ የወጣ ቀን ፊቱ እንዴት እንደበራ ብታዪ!» አለች እናት። «‹አየሽ› አለኝ፣ ‹ከእግራችን ሥር ነው የተነሳው። እንዲህ ያለውን ማን ይችለዋል?› ያ ካርታ ምሕረት ሆነለት። አሁን አንቺ ውሸት ነው ስትዪው ምን ይሁን?»

«ስለ ሮጠ ነው የተቀየምሽው?»

«ስለ ሮጠስ አልተቀየምኩም። ሰው ነው፣ ደነገጠ።» እናት ልጣጩን በእጇ መሰብሰብ ጀመረች። «የሚያበግነኝ ከዚያ ወዲህ ስለ መሬቱ ብቻ ማውራቱ ነው። መሬቱ እንዲህ ሆነ፣ መሬቱ እንዲያ ሆነ። እኔስ? እኔም እኮ እዚያ ነበርኩ።»

ሠዓሊዋ ወደ ጓሮ ወጥታ ለአለቃዋ ደወለች። ስህተቱን ከነምክንያቱ ነገረቻት። አንድ ሰው ሱቁን ሊዘጋ እንደሆነ፣ ሌላው ቤቱን ሊሸጥ እንደሆነ ነገረቻት። ሌላው ማን እንደሆነ ግን አልተናገረችም።

አለቃዋ «ያምራል ብዬሽ ነበር እኮ» አለች። «በይ ዛሬውኑ አርሚው፣ ከሰዓት በኋላ እንልቀቀው። ስህተቱም የመሥሪያ ቤቱ ነው ብለሽ ጻፊ፤ ያየነው ሁላችንም ነን።»

ማረሙ ከባድ አልነበረም። ቦታቸው ያልታወቀውን መልእክቶች ከምድጃው ላይ አንስታ በሰፈሩ ሙሉ በተነቻቸው፤ ቀዩ ደም ከፊት እንደሚሸሽ ሸሸና ሰፈሩ በሞላ ስስ ቢጫ ለበሰ። ኮከቧንም ወፍራም አደረገቻት፣ ከጎኗ «መነሻው እዚህ ነው» ብላ ጻፈች። ከዚያ የመልቀቂያዋን ቁልፍ ሳትጫን ተቀመጠች። ከተጫነች አባቷ ከሰፈሩ ሰው እኩል በስልኩ ላይ ሊያየው ነው። እናቷ አትንገሪው ብላለች። ከልጁ አፍ ቢሰማው ግን ይሻላል። ይሻላል ወይ? እርግጠኛ አልነበረችም፤ ቢሆንም ተነስታ ሄደች።

አባቷ ድንኳኑ ውስጥ ፋኖስ ይወለውላል። ነገረችው። አፈሩም ክቡም ምድጃውም እንዴት እንደሆነ አንድም ሳታስቀር ነገረችው። ጥፋቱ የኔ ነው አለችው። ሲሰማት ፋኖሱን መወልወል አላቆመም።

«እሺ፣ ታዲያ እኛ ቤት የደረሰው ምን ያህል ነበር?» አለ በመጨረሻ።

«ትንሽ ነው፣ አባዬ።»

«ምን ያህል ትንሽ?»

«ከባድ መኪና በመንገዱ ሲያልፍ የሚሰማው ያህል።»

ጨርቁ እጁ ላይ ቆመ። ዕድሜውን ሙሉ ከባድ መኪና የነዳ ሰው ነው፤ የስንቱን ሰው መስኮት እንዲያ ሲያንገጫግጭ ኖሯል።

«ከባድ መኪና» አለ። ፋኖሱን መሬት ላይ አስቀመጠው። «ይቺን አዲሷን ካርታ... እንደው አንድ ሳምንት ብታቆዪያትስ? ሰዉ እስኪረሳ።»

አንጀቷን በላት። አባቷ ለራሱ ብሎ ምንም ነገር ለምኗት አያውቅም። አንድ ሳምንት ብትቆይ ማን ይሞታል? አለቃዋም ብትለምናት እሺ ሳትል አትቀርም። ግን ሻንጣው በሩ ጥግ ቆሟል።

«አልችልም አባዬ። ሰውየው ሱቁን ሊዘጋ ነው። አንተም ቤትህን ልትሸጥ ነው። እማዬም ልትሄድ ነው።»

አባት ቀና ብሎ አያት። «ነገረችሽ።»

«ነገረችኝ።»

አንገቱን ደፋ። ሠዓሊዋ እጇን ትከሻው ላይ ልታደርግ አሰበችና አፈረች፤ እንዲህ ሆኖ አይታው አታውቅም። «ልልቀቀው?» አለችው። እሱም በእሺታ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። ለቀቀችው።

ብዙም አልቆየ፣ ፀጉር አስተካካዩ የመላጫ ልብሱን እንደለበሰ፣ ስልኩን ከፍ አድርጎ እየሮጠ መጣ። ከኋላው ጎረቤቶቹ ተከተሉ።

«ጋሼ! ጋሼ! ቀዩ ጠፋ! ቤትዎ እንደኛው ቢጫ ሆኗል!»

አባት ከድንኳኑ ወጣ። በልማድ አንቴናውን አነሳ፣ አየውና ሣሩ ላይ ጣለው። «ልክ ነው» አለ። «መነሻው ያቺ ኮከብ ናት። ለጌጥ አይደለችም፤ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። ልጆችህን አምጣቸው። እኛ ጋ የደረሰው ከባድ መኪና ሲያልፍ እንደሚሰማው ነው።»

«ታዲያ እርስዎ ያን ቀን ባንድ ጫማ ሲበሩ ያየሁት ምን ሆነው ነው?» አለ ፀጉር አስተካካዩ። «እኔ እኮ የሮጥኩት መሬቱን ሰምቼ አይደለም፤ እርስዎን አይቼ ነው!»

ግቢው በሳቅ ተናጋ። የወጥ ቤቱ መስኮት ክፍት ነው፤ ሠዓሊዋ እናቷ ከመስኮቱ ኋላ ቢላዋውን እንደያዘች ስትቆም አየቻት። አባት አብሮ ቢስቅ ያበቃ ነበር። ሰዉም የሚጠብቀው ያንኑ ነው። ከንፈሩንም ለሳቅ አሰናድቶት ነበር።

«ፈርቼ ነው» አለ። «የባለቤቴን መሰላል ይዤላት ነበር። እዚያ ላይ ትቻት፣ ለቅቄው ሮጥኩ።»

ሳቁ ተቆረጠ። አንዷ ሴትዮ ነጠላ ጫማዋን ማየት ጀመረች። ፀጉር አስተካካዩ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ግራ ቀኝ አየ። «ውይ፣ ደንበኛዬን ግማሽ ራሱን ላጭቼ ነው የመጣሁት» አለና ፈትለክ አለ። ሌሎቹም አንድ በአንድ ሥራ ትዝ አላቸው። ግቢው ባዶ ሆነ።

አባት ወደ በሩ አልሄደም። ወደ መስኮቱ ሄደና ከሥሩ ቆመ።

«ሰማሽ?» አለ።

«ሰፈሩ በሙሉ ሰማ» አለች እናት።

«ለነሱ ብዬ አይደለም።»

«አውቃለሁ።»

አባት በጣቱ የመስኮቱን ቀለም ልጥ ልጥ አደረገ። «መሬቱ እኮ...» ብሎ ጀመረና ተወው። እንደገና ቀና ብሎ አያት። «አንቺ እዚያ ላይ ሆነሽ... ፈርተሽ ነበር?»

ሠዓሊዋ እናቷን ታውቃታለች። ቀልድ ምላሷ ላይ እንደተዘጋጀ ከፊቷ ታያት፤ አፏንም ለዚያ ነበር የከፈተችው። ቀልዱ ግን አልወጣም።

«በጣም» አለች። «በጣም ነው የፈራሁት። ስምህን ስጠራ ነበር።»

አባት እጁን መስኮቱ ላይ አሳረፈ። «አልሰማሁሽም» አለ።

«እንዳልሰማህማ አውቃለሁ።» እናት ቢላዋውን አስቀመጠች። «በል ና፣ ግባ። ከመጀመሪያው ጀምሬ ልንገርህ።»

አባት ዞሮ በበሩ ገባ። ሠዓሊዋ ድንኳኑ ውስጥ ገብታ እስኪጨርሱ ጠበቀች። ቶሎ አልጨረሱም።